እርጥብ ሳር በስልክ አይላክም



የመስከረም 2011ን ያን ፎቶ አብዛኞቻችሁ አትረሱትም። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ ዕድሜያቸው የገፋ የጋሞ አባቶች ተንበርክከዋል። በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። ፊት ለፊታቸው በንዴት የጋለ ወጣት ቆሟል።

በዚያ ሰሞን ቡራዩና አካባቢዋ ላይ ሰዎች ተገድለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቅለው ነበር። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋሞና የዶርዜ ልጆች ናቸው። ወሬው በየስልኩ እየተቀባበለ አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፤ ከመሃሉም ንዴቱን እዚያው ከተማ በሚኖሩ የኦሮሞ ወገኖቹ ንብረት ላይ ሊወጣ የተነሳ ነበር። አባቶቹ ቀድመው መንገዱ ላይ ተገኙ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ እሱን ረግጦ ማለፍ የለም። ወጣቱም አላለፈም፤ ተመለሰ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ቁጣው የተሰራጨው በስልክ ነው። ፎቶውም ለእኛ የደረሰን በስልክ ነው። መሃል ላይ ያለው ዋናው ሥራ ግን በስልክ የሚሠራ አልነበረም። እነዚያ አባቶች በጊዜው የሰላም ጥሪ ጽፈው ፖስት ቢያደርጉ ስንት ላይክ ያገኙ እንደነበር አላህ ነው የሚያውቀው፤ ወጣቱ ግን እያነበበም ቢሆን መንገዱን ይቀጥል ነበር።

ይህን የማነሳው ፖለቲካ ላወራ አይደለም። ባለፈው ሸዋል አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። የላከችኝ እናቴ ናት። የወንድሟ ልጆች፣ ሁለቱ የአጎቴ ልጆች፣ ስምንት ወር ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። ረመዷን ገብቶ ወጣ፣ ዒድም አለፈ፣ ምንም የለም።

“ደውዪለትና አናግሪው” ብላት፣

“ደወልኩለት እኮ! ‘ደህና ነኝ አክስቴ፣ አልሐምዱሊላህ’ ይለኛል። ደህና ያልሆነ ሰው ድምፅ እኔ አላውቅም? ጉልበቴ እሺ ቢለኝ እኔው እሄድ ነበር። አንተ ሂድና ዘይረው” አለችኝ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ትልቁ አርባ ምንጭ ሲቀላ የልብስ ሱቅ አለው። ትንሹ መርካቶ ነው፤ ዕቃ በዱቤ ይልክለታል፣ ትልቁ ሸጦ ይከፍላል። ለዓመታት እንዲህ ሠርተዋል። አንድ ጊዜ ግን ክፍያው ሁለት ወር ዘገየ። ትንሹ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ገባና “ወንድሜ አርባ ምንጭ ሱቁን ዘግቶ አዞ ማርባት ጀምሯል መሰለኝ፣ የላክሁለትን ሁሉ ዋጠው” ብሎ ጻፈ። ከኋላው ሦስት የሚስቅ ፊት አስከተለ።

ግሩፑ ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው አለ። አማቾች አሉ፣ ጅዳ ያሉ አሉ፣ ደቡብ አፍሪካ ያሉ አሉ። ተሳቀ። አንዱማ “አዞ እኮ እንባም አለው” ብሎ ጨመረበት። ትልቁ አንድ ቃል አልመለሰም። ማታ ላይ ግሩፑን ለቆ ወጣ። ትንሹ ደንግጦ የአራት ደቂቃ ቮይስ ላከለት፤ ሳይከፈት ቀረ። ከሳምንት በኋላ ዕዳው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም በባንክ ገባ። የገንዘቡ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ሁለት ቃል ብቻ ሰፍሮ ነበር፦ “ሒሳብ ተዘጋ።”

ልብ በሉ፤ ገንዘቡ ተከፍሏል። ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ወር የገንዘብ ጸብ አይደለም።

እነዚህ ወንድማማቾች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲቃለዱ ያደጉ ናቸው። ያችን የአዞ ቀልድ ትንሹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቢናገራት መጀመሪያ የሚስቀው ትልቁ ራሱ ነበር። ጽሑፍ ግን ድምፅ የለውም፣ ዓይን የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገር፣ ኒኮላስ ኤፕሊና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት አንድ ጥናት ይህንኑ ለክቶታል። ሰዎች ገሚሱ የምር፣ ገሚሱ ሽሙጥ የሆነ ዓረፍተ ነገር በኢሜይልና በድምፅ ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፉ አደረጉ። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ተቀባዩ ከአሥሩ ስምንት ያህሉን በትክክል ይረዳልናል ብለው ገመቱ። በድምፅ የሰማው ለግምታቸው ቀረበ። በጽሑፍ ያነበበው ግን ከግማሽ እምብዛም አላለፈም፤ ሳንቲም ወርውሮ እንደመገመት ማለት ነው። እኛ ደግሞ ትዳር የምንጠይቀውም፣ ዕዳ የምንጠይቀውም፣ የምንጣላውም በጽሑፍ ሆኗል።

እሺ፣ ወደ መንገዱ ልመለስ። አውቶቡሱ ንጋት 11 ሰዓት ተነሳ። ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና እያልን ሶዶ ላይ ዙህርና ዓስርን አጣምሬ ሰገድኩ። ከሶዶ ወዲያ አየሩም መልኩም ይለወጣል። ምዕራብ ዓባያ ስትደርሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ጥግ ላይ በጋሪ የምንገዛው ሙዝ አብዛኛው ከዚያ የሚመጣ ነው።

አርባ ምንጭን “ትንሽ ጸጥተኛ ከተማ” ብዬ ብጽፍ ልጆቿ ይስቁብኛል። በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የጀመረው ዩኒቨርሲቲዋ ዛሬ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ የሞላበት ነው፤ ባጃጁም አይጣል ነው። ለመርካቶ ልጅ ግን ጸጥታ አላት። ሲቀላ ታች ሜዳው ላይ ናት፣ ሸቻ ደግሞ ላይ ዳገቱ ላይ። ከሸቻ ጫፍ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ በግራ ዓባያ ሐይቅ ቀይ ቡናማ ሆኖ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። መሃላቸው ያለችውን ጠባብ መሬት የአገሬው ሰው የእግዜር ድልድይ ይላታል። ከገደሉ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ ለከተማዋ ስሟን የሰጡት ምንጮች የሚፈልቁት እዚያ ነው። ሱብሐነላህ ያሰኛል።

የአጎቴ ልጅ አቅፎ ተቀበለኝ። ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል፤ አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁም።

በመጀመሪያው ቀን ለመግሪብ ከሱቁ ወደ መስጂድ አብረን ወጣን። መንገዱ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ተሳፋሪ ይዞ ቆሞ ሰላም አለው፤ ተሳፋሪዋም አልተቆጣችም፣ እሷም ሰላም አለችው። ማንጎ የምትሸጠውን ሴት ስለ ልጇ ፈተና ጠየቃት። አንድ ሽማግሌ በጋሞኛ “ሳሮ” አሉት፣ እሱም “ሳሮ” ብሎ እጃቸውን ይዞ ቆመ። ትርጉሙን ስጠይቀው “ሰላም ማለት ነው፤ እንደኛው ሰላምታ” አለኝ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር፣ እሱ አንድም ጊዜ አላየም። ጀማዓው ግን አላመለጠንም። ለካ አስቀድሞ ለሰላምታው የሚሆን ሰዓት ጨምሮ ነው ከሱቁ የወጣው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ምግብ። ሙስሊም መንገደኛ በማያውቀው ከተማ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙስሊም ምግብ ቤት የት እንዳለ ነው። አርባ ምንጭ ላይ ይህ ጭንቀት ግማሹ የለም፤ የጫሞ ዓሣ አለ። ዓሣ ቤት ውስጥ ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም አንድ ጠረጴዛ ከቦ ከአንድ ሳህን ይበላል፤ ማንም ማንንም “ማን አረደው?” ብሎ አይጠይቅም። በዳጣ ነው የሚበላው። ያልለመደ ሰው ያላበዋል።

ማታ ቤቱ ስንገባ ነው ያልጠበቅሁትን ያየሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጁ በሁለት ክራንች እየተደገፈ መጥቶ እጄን ሳመ።

ዞር ብዬ አባቱን አየሁት። እሱ ጫማውን እያወለቀ ነበር። “ማንጎ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀ” አለኝ ቀስ ብሎ። “ጭኑ ነው የተሰበረው። ሁለት ጊዜ ተሠርቶለታል፣ ሁለተኛው ነው የያዘው። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ይሄዳል።”

“መቼ?”

“ስምንት ወር አለፈው።”

በቤተሰባችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስልሳ ሰው ያለበት፣ ጁሙዓ በመጣ ቁጥር አበባና ዱዓ የሚላላክበት ግሩፕ ውስጥ አንድም ሰው አያውቅም። ለምን እንዳልነገረን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ ቀላል ነበር። እናቱ የደም ግፊት አለባት። የልጅ ልጇ ቀዶ ጥገና ላይ ነው ተብሎ ብትሰማ ምን እንደምትሆን ያውቃል። ለአንዱ በስልክ መንገር ደግሞ ለግሩፑ መንገር ማለት ነው፤ ከግሩፑ እናቱ ጆሮ እስኪደርስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ ልጁ በእግሩ ሲቆም ራሱ ይዞት ሄዶ ሊያሳያት ነበር ሐሳቡ። ለወንድሙም ያኔ ፊት ለፊት ሊነግረው። የዱቤው ብር የት እንደሄደ አሁን ገባችሁ።

“የአዞው ጽሑፍ የመጣ ቀን” አለኝ፣ “ልጁ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው ኦፕሬሽን ላይ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ሲጮህ የሆነ ሰው ‘እንዴት ነህ’ ሊለኝ ነው ብዬ ከፈትኩት።”

ከዚህ በላይ አልተናገረም። ሚስቱ ናት ቀሪውን የነገረችኝ። በዚያ ሁለት ሳምንት ልጁን ያስታመሙት ጎረቤቶች ናቸው። ግድግዳ የሚጋሯቸው የጋሞ ሴት፣ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ቀን ቀን ሱቁን ጠብቀው ማታ ሆስፒታል ይመጡ ነበር። የእሳቸውን ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ሁልጊዜ ይዘው የሚመጡት ወተት፣ ሙዝና ኩርኩፋ ነበር፤ በቆሎ ድብልብል ከሃለኮ ቅጠል ጋር የተቀቀለ። “አንድም ቀን ‘ምን ላምጣልሽ’ ብለው አልጠየቁኝም” አለችኝ። “መጥተው አይተው ነው የጎደለውን የሚያውቁት።”

ይቺ ቃል እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም። እኛ “የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ” እንላለን። ቴክስት እናደርጋለን። ሕመምተኛም፣ ለቅሶ ላይ ያለም ሰው የሚያስፈልገውን ዘርዝሮ አይጽፍም፤ ያፍራል። ቤቱ የገባ ሰው ግን ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን ያያል። በሽተኛ መጠየቅ፣ ጀናዛ መሸኘት፣ ሰላምታ መመለስ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ያለው ሐቅ ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሁሉም እግር የሚጠይቅ ነገር ነው። ስልክ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ጅዳ ያለች እህት በምን ትዘይር? እሷ ስልኳን ብትይዝ ሐቅ አላት። እኔ የምለው አንድ ታክሲ ርቀት ላይ ሆነን እንደ ጅዳ ለምንኖረው ነው።

በሦስተኛው ቀን ጨንቻ ወጣን። የአጎቴ ልጅ ጋቢና ቡልኮ ከሸማኔዎቹ እጅ በእጅ ይገዛል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ መንገዱ ግን ከቆላ ወደ ደጋ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጨንቻ 2,700 አካባቢ። በቲሸርት ተነስታችሁ በጋቢ ትደርሳላችሁ። አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር በፊት የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ጨንቻ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ነው መንግሥቱ ወደ ታች የወረደው። አሁን እውነተኛዋ ትንሽ ጸጥተኛ ከተማ እሷ ናት። እኛ ስንደርስ ጉም ወርዶ አሥር እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው አይታይም። ስልኬ ኔትወርክ አጣ። ለትንሽ ጊዜ ወደ ላይ እያነሳሁ ፈለግኩት፣ ከዚያ ኪሴ ከተትኩት።

ዶርዜ ውስጥ አንድ አዛውንት ሸማኔ ቤት ገባን። ቤቱ በቀርከሃ የተሠራ፣ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ፣ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት የሚመስል ነው። ምስጥ ከታች ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም፤ ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ ከመሬት ነቅሎ ተሸክሞት ይሄዳል። ቤት የሚያሸክም ጎረቤት ያለው ሰው ምን ያህል ጎረቤት እንዳለው አስቡት። እኔ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሶፋ ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት ለተሸካሚ ነው የምከፍለው።

የቡና ቅጠል በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ የተፈላ ትኩስ ነገር ቀረበልን። ሰውየው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ እየላኩ፣ ከእኛ ጋር ያወራሉ። የአጎቴን ልጅ “ይሄ ወንድምህ ነው?” ብለው ጠየቁት።

“የአክስቴ ልጅ ነው አባባ። ወንድሜ አዲስ አበባ ነው።”

“እሱስ ለምን አይመጣም?”

ዝም አለ። ሽማግሌውም ዝም አሉ፤ እጃቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ስልክ ቢሆን ይህ ዝምታ “ሃሎ? ይሰማሃል?” ተብሎ ይቆረጥ ነበር። እዚህ ግን ማንም አልቸኮለም። በኋላ ራሱ ጀመረ። ስለ ልጁ፣ ስለ ኮሪደሩ፣ ስለ አዞው፣ ሁሉንም ለሸማኔው ነገራቸው። እኔ ለሁለት ቀን ያልሰማሁትን ያኔ ሰማሁ።

አዛውንቱ ምክር አልሰጡትም። ስለ ዱቡሻ ነገሩን። ዱቡሻ የጋሞ ሕዝብ ለጉዳዩ የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው፤ ሸንጎውም ቦታውም በአንድ ስም ይጠራል። “እዚያ በምርቃት ይጀመራል፣ በምርቃት ያልቃል። የተጣላ ሰው መልእክተኛ አይልክም። ራሱ ይመጣል፣ ይናገራል፣ ሌላው ሲናገር ይሰማል። ፊቱን ሳላይ እንዴት አምነዋለሁ?” አሉ። ማርክ አቤሌስ የተባለ ፈረንሳዊ አጥኚ ኦቾሎ በምትባለው የጋሞ መንደር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ እነዚህ ሸንጎዎች መጽሐፍ አሳትሟል፤ የመጽሐፉ ርዕስ ራሱ ስለ ፖለቲካ ቦታ ነው የሚናገረው። ነገሩ የሚያልቀው ሰዎች አንድ ቦታ ሲገኙ ነው፤ ሸማኔው ይህን ያወቁት ሳያነቡ ነው።

ስንወርድ መኪና ውስጥ “ለወንድምህ ምን ልበለው?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ልጁን አይተሃል፤ ያየኸውን ንገረው። የኔን ነገር ግን አንተ አትሸከመው። እሱ ራሱ ይምጣ።” ትንሽ ቆይቶ “በስልክ እንዳትነግረው አደራ” አለኝ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ በማግስቱ መርካቶ ሄድኩ። ትንሹ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ከቦት ጨርቅ እየለካ ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሰው ቀለል ሲል ያየሁትን ነገርኩት። ዛፉን፣ ጭኑን፣ ሁለቱን ኦፕሬሽን፣ ክራንቹን። ቀኑንም ነገርኩት።

ሜትሩን እንደያዘ ቀረ። አንዲት ሴት መጥታ “ይሄ ስንት ነው?” አለችው፣ አልሰማትም። ደግማ ጠየቀችው። ሠራተኛው ነው የመለሰላት።

“ኳስ ይወድ ነበር” አለኝ። “ባለፈው አረፋ አገር ቤት ስንገናኝ ቀይ ታኬታ ገዛልኝ ብሎኝ ነበር። ገዝቼለት ነበር። እዚህ ነው ያለው።” እጁን ዘርግቶ ከመደርደሪያው ላይ ካርቶኑን አወረደው። አቧራ ለብሷል።

ልጁ ገና መሮጥ እንደማይችል ልነግረው ፈልጌ ተውኩት። እሱ ሂዶ ያየዋል።

“የአርባ ምንጩ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?”

“ንጋት 11።”

ስልኩን አወጣ። ሊደውልለት ነው ብዬ ሳየው አላርሙን ለሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ሞልቶ ወደ ኪሱ መለሰው። ከዚያ ካርቶኑን በጨርቅ ይወለውል ጀመር።